ደጅ የሚያድር የብርሃን ዳሳሽ ሥራ ሲያቆም

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሲመሽ መብራት እንዲያበራ ደጅ የተሰቀለ የብርሃን ዳሳሽ (ብርሃን ሲያገኝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ትንሽ ክፍል) በሌሊት ጤዛ ሊረጥብ ይችላል። ዳሳሹ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ኃይሉን አጥፉና አንድ እግሩን ከሰርኪውቱ ነቅላችሁ መቋቋሙን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ለኩት፤ ሳይነቀል ከተለካ አብሮት ያለው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) ንባቡን ያዛባዋል። በሚለካበት ጊዜ ሁለቱን እግሮች በጣት መያዝም እንዲሁ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። የተለመደው ባለ 5 ሚሊሜትር ዳሳሽ በደማቅ ብርሃን ከጥቂት ኪሎ ኦም (ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው፤ አንድ ኪሎ ኦም 1,000 ኦም ነው) አይበልጥም፤ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ግን በመቶ ሺህዎች ኦም ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት ይኖርበታል። በጨለማም ዝቅ ብሎ ከቀረ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በሚገባ አድርቃችሁ ድጋሚ ለኩት፤ ያኔም ካልተለወጠ በአዲስ መተካት እንጂ መጠገን አያዋጣም።