ትራሱን አንሱልኝ፦ ከቃጠሎና ከቆዳ ተከላ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ቃጠሎ ክፍል ነርስ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀዶ ጥገናው ራሱ ሲበላሽ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥሩ ተሠርቶ ቤት ከገባ በኋላ የተበላሸውን ግን መቁጠር ትቻለሁ።

ዋናው ጠላቴ ትራስ ነው። አንገቱ የተቃጠለ ሰው ትራስ አይንተራስም። በቃ! አገጭን ወደ ደረት ደፋ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ችግሩም እሱ ነው። አዲስ ጠባሳ ለወራት ይሰበሰባል፤ አጥሮ ከተገኘ አጥሮ ይቀራል። ክርን ታጥፎ ከሰነበተ አይዘረጋም። ብብት ተገጥሞ ከከረመ ክንድ ወደ ላይ አይነሳም። ታካሚውን የሚመቸው አተኛኝ ጠባሳውንም ለመሰብሰብ ይመቸዋል።

አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የሽሮ ድስት ተገልብጦባት የመጣች። ከጭኗ ቆዳ ተነስቶ አንገቷ ላይ ተተከለላት። በ5ኛው ቀን ድሬሲንጉ ሲፈታ ሁሉም ይዟል። ደስ አለን። ትከሻዋ ሥር ፎጣ ጠቅልለን አንገቷ ቀና እንዲል እያስተኛን ከረምን፤ የአንገት ስፕሊንት (አንገትን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ) ሰጥተን ሸኘናት። በ4ኛው ወር ስትመለስ የታችኛው ከንፈሯ ወደ አገጯ ተስቧል። አፏ አይገጥምም፤ ለሃጯ ይንጠባጠባል። እናትየዋ «ሲስተርዬ፣ ሌሊት ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለ፤ ትንሽዬ ትራስ ናት ያደረግኩላት» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ታካሚ ለምኖኝ እኔው ትራስ አቀብዬዋለሁ። ያውም ሁለት።

ስፕሊንት የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም። ጠባሳ እስኪበስል ከ1 እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። ቀይ ከሆነ፣ ከጠጠረና ካሳከከ ገና እየሠራ ነው። ልጅ ሲሆን ደግሞ ልጁ ያድጋል፣ ጠባሳው እንደ ቆዳ አብሮት አይለጠጥም፤ ስለዚህ ቀጠሮ አይቀርም።

አዲስ ቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፦ ተዉት። የቧንቧ ውኃ፣ 20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። ከተቃጠለ 3 ሰዓት ካልሞላው አልረፈደም።

ቆዳ የተነሳበትን ጭን አትነካኩ። የተጣበቀው ፋሻ 2 ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ከሥሩ ሲድን፣ በራሱ ይለቃል። አንዱ «እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» ብሎ ልጦት በደም የተነከረ ሱሪ ለብሶ መጣ።

ሲጋራ የደም ሥር ያጠብባል፤ የተተከለው ቆዳ ደግሞ የሚኖረው በደም ነው።

የሚጥል በሽታ ኖሮበት ምድጃ ላይ ወድቆ የመጣ ሰው እጁ ብቻ ታክሞ አይሸኝ። መድኃኒቱን ካልጀመረ እዚያው እሳት ላይ ደግሞ ይወድቃል። ሁለቴ የተኛ አስታምሜያለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ፊቱ ነበር።

«ኬሎይዱን ቁረጡልኝና ልገላገል» የምትሉም አላችሁ። ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ ነው። መቁረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ከተቆረጠ በኋላ ጠባሳው ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፣ በየወሩ ገደማ፣ ለወራት። በጉትቻ ቀዳዳ የወጣባት አንዲት ልጅ መጀመሪያ ስትቆረጥ ኬሎይዱ የሽምብራ ፍሬ ያክል ነበር። ስፌቱ ሲወጣላት ጆሮዋ ስላማረ ለመርፌው አንድም ቀን አልመጣችም። ባለፈው ወር ሻሿን ስትፈታ ሎሚ አክሏል።