ልብ ወለድ አንብቦ ሂስ ለመጻፍ

ሂስ የሚጀምረው እርሳስ ይዞ ከማንበብ ነው። እኔ መስመር አላሰምርም። ከመጽሐፉ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ የገጽ ቁጥርና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እጽፋለሁ፤ «47፣ እናትየዋ ዝም አለች» ዓይነት። በኋላ ስመለስበት ዝምታው ስንት ቦታ እንደተደጋገመ ፍንትው ብሎ ይታየኛል።

ስትጨርሱ ወዲያው አትጻፉ። መጀመሪያ ምዕራፍ አንድን ድገሙት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይሄ ነው። መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ ደራሲው ገና ከመነሻው ምን እንደደበቀ ታያላችሁ። ተራኪው ማን ነው? ምን ያውቃል? ምንስ አስቀረብን?

ቆየት ያሉ ሥራዎችን ስታነቡ እንዴት እንደታተሙ አጣሩ። የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» እ.ኤ.አ. በ1866 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ነው የወጣው። ይህን ስታውቁ አንዳንድ ምዕራፎች ልብ አንጠልጥለው የሚያበቁበት ምክንያት ይገባችኋል። እናንተም በየመሃሉ እያረፋችሁ ሞክሩት። አዲስ ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ሳትጽፉ የሌሎችን አስተያየት አታንብቡ።

ስትጽፉ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፤ መጨረሻውን አታውጡ። የቀረውን ቦታ ለማስረጃ ስጡት። «ቋንቋው ያምራል» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱና የትኛው ቃል እንደያዛችሁ አሳዩ። ካልወደዳችሁትም እንደዚያው፤ ታሪኩ የላላበትን ቦታ ጠቁሙ። ገጸ ባሕርይዋን ስለጠላችኋት ብቻ ግን መጽሐፉ ደካማ ነው አትበሉ። ደራሲው እንድትጠሏት ፈልጎ ሊሆን ይችላል።