ጠባብ ባለ ሰሪፍ የአማርኛ ፊደል እንዴት ይነደፋል?

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ወደ ገበያው በሚወስዱት መንገዶች ላይ የተደረደሩት ሱቆች ብዙዎቹ ፊታቸው ከአንድ በር እምብዛም የማይሰፋ ሲሆን፣ በታፔላቸው ላይ ግን የባለቤቱን ስም፣ የሥራውን ዓይነትና አንዳንዴም «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለውን ረጅም ሐረግ ማስፈር ይፈልጋሉ። ታፔላ ሠሪው የሚመርጠው አቋራጭ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒዩተሩ ያለውን መደበኛ ፎንት ከግራና ከቀኝ መጭመቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ከመነሻው ጠባብ ሆኖ የተሳለ ባለ ሰሪፍ፣ ማለትም ብዕሩ ሲያርፍ የሚተወው የጫፍ ቅርጽ ያለው፣ ፊደል ማዘጋጀት እንዴት እንደሚቻል ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ ቀርቧል።

በመጀመሪያ መጭመቅ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር መረዳት ይገባል። የግእዝ ፊደል መልኩን ያገኘው ከመቃ ብዕር በመሆኑ ቋሚ መስመሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ቋሚው 100፣ አግድሙ 60 አሃድ ውፍረት ያለው ፎንት ወደ 70 በመቶ ሲጨመቅ ቋሚው 70 ይሆናል፣ አግድሙ ግን 60 እንደሆነ ይቀራል፤ በዚህም ፊደሉን ፊደል ያሰኘው የውፍረት ልዩነት ሊጠፋ ይደርሳል። አፕል ኩባንያ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠቀምበት የነበረው ወደ 80 በመቶ የጠበበ ጋራሞንድ የተባለ የላቲን ፎንት እንኳ የመስመሮቹ ውፍረት እንደገና መስተካከል አስፈልጎታል።

ቀጥሎ ስፋቱ ይወሰናል። ለታፔላና ለአርዕስት ከመደበኛው 70 በመቶ ገደማ ጥሩ መነሻ ሲሆን፣ ከዚያ በታች መውረድ በተለይ እንደ ጠ እና ሐ ባሉት ባለ ሦስት እግር ፊደላት ላይ ችግር ያመጣል።

ከመሳል በፊት የብራና መጻሕፍትን መመልከት ይጠቅማል። በጣና ገዳማት ያሉት ብዙዎቹ በሁለት ዓምድ፣ ትልልቆቹ አንዳንዴ በሦስት ዓምድ የተጻፉ በመሆናቸው ቁም ጸሐፊው ጠባብ ቦታን እንዴት እንደያዘ በግልጽ ይታይባቸዋል። በጣና ደሴት ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች የማይገቡበት ስለሆነ በዘጌ የሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም የተመቸ ነው። በመስመር መጨረሻ ላይ የተጠጋጉትን ፊደላት ልብ ይሏል፤ ጸሐፊው የሚቀንሰው በውስጣቸው ያለውን ባዶ ቦታ እንጂ የቋሚውን ውፍረት አይደለም።

አሁን በካሬ ወረቀት ላይ በ፣ ጠ፣ መ፣ ቀ፣ ዐ እና ሌ ይሳላሉ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከእነዚህ ባሕርይ ይወርሳሉ። የበ ቋሚዎች ውፍረት ከመደበኛው በጥቂቱ ብቻ ይቀንሳል። በጠ ላይ የመካከለኛው እግር ከዳር እግሮቹ ትንሽ ይቀጥናል፣ አለበለዚያ ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። ዐ ክብነቱን ትቶ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ረጅም ሞላላ መሆን አለበት። ሰሪፉ ወደ ጎን አጥሮ ውፍረቱን ይጠብቃል፤ ረጅም ከተተወ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላት ይነካካሉ።

እዚህ ላይ ከላቲን ፊደል የተለየና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ጉዳይ አለ። ባ እና ቦ ከበ የሚለዩት በእግር ርዝመት፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ስለሆነ መጥበብ አይጎዳቸውም። ቡ፣ ቢ እና ቤ ግን ምልክታቸው ወደ ቀኝ የሚወጣ በመሆኑ ስፋት ይጠይቃሉ። ስለዚህ እነዚህን ከበ ጋር እኩል ስፋት ላይ ማስገደድ ተገቢ አይደለም፤ ጥቂት ሰፋ እንዲሉ ይፈቀድላቸዋል፣ የቤም ቀለበት ወደ ቁመቱ የተሳበ፣ ውስጡ በግልጽ የሚታይ ሞላላ ይሆናል። ቀለበቱ ከደፈነ ቤ ከቢ አይለይም።

ንድፉ ከጸደቀ በኋላ ስካን ተደርጎ ፎንትፎርጅ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ የራሱን ቦታ ያገኘ ሲሆን፣ መሠረታዊው ገበታ ከሀ ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ይዟል። ሸን ከሰ፣ ጀን ከደ አግድም በመጨመር መሥራት ጊዜ ይቆጥባል። ከባዶ መነሳት ለሚከብደው፣ ክፍት ፈቃድ ያለውና ጠባብ ስፋቶችንም ያካተተው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የፈቃዱን ቃል ጠብቆ ሊሻሻል ይችላል።

በፊደላት መካከል የሚተወው ቦታ በበ ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ በጥቂቱ ያነሰ ይሁን። ከዚያም «ሌሊት»፣ «ጫጫታ»፣ «መስመር» እና «ዓሣ» ታትመው ከመንገዱ ማዶ በቀትር ፀሐይ ይታያሉ። የሌ ቀለበትና የሊ ምልክት ጎን ለጎን የሚገኙበት የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ግማሹን ፈተና ይሠራል። የማይነበብ ፊደል ካለ ስፋቱ ይጨመርለታል እንጂ ውፍረቱ አይቀነስም።

እንዲህ የተዘጋጀ ፊደል ለታፔላ፣ ለጋዜጣ አርዕስት፣ ለመጽሐፍ ጀርባ፣ ለዘጌ ቡና ማሸጊያና ለጀልባ መነሻ ሰዓት ሠንጠረዥ ይስማማል። በረጅም አንቀጽና በስልክ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ግን ዓይንን ያደክማል፤ ስለዚህ አርዕስቱ በጠባቡ፣ ዝርዝሩ በዚያው ፎንት መደበኛ ስፋት ቢጻፍ የተሻለ ነው።