የብረት ኮንዲዩት መጋጠሚያ ችግሮችና መፍትሄያቸው፦ በጥርስ የሚገባውና በብሎን የሚያዘው

የብረት ኮንዲዩት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ሽቦ ከመሸፈን ሌላ ሥራ አለው፦ ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱን በኧርዝ (በመከላከያ) መስመር ወደ ምንጩ መልሶ ብሬከሩ እንዲወርድ ያደርጋል። ይህ መንገድ የሚቋረጠው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መጋጠሚያው ላይ ነው። በባህረ ሰላጤው አገሮች የሠራ ባለሙያ ወፍራሙን 20 እና 25 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ጥርስ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የሚቀረጽ ጠመዝማዛ መስመር፣ እያወጣ ማጋጠም ለምዷል፤ አሜሪካ የሚሠራው ደግሞ ኢ.ኤም.ቲ. የሚባለውን ስስ ቱቦ በብሎን ማሰር። የአንዱን ልማድ በሌላው ቱቦ ላይ መሞከር ብዙ ብልሽት ያመጣል።

ምልክት፦ የሳጥኑ አካል ሲነካ ይነዝራል፣ ብሬከሩ ግን አይወርድም

ኃይሉን ያጥፉ፤ መጥፋቱንም በቴስተር ያረጋግጡ። ለልኬቱ ቢያንስ 200 ሚሊአምፔር የሚልክ ዝቅተኛ ኦም መለኪያ ያስፈልጋል። ተራ መልቲሜትር የሚልከው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንዲት ነጥብ ብቻ የሚነካካውንም መጋጠሚያ ደህና አድርጎ ያሳያል። የመለኪያውን ሁለት ገመዶች አነካክተው ንባቡን ዜሮ ካደረጉ በኋላ በየመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ባዶ ብረቱን ይንኩ። ደህናው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የሚያነበው፣ ወይም ቱቦውን በእጅ ሲያወዛውዙት ቁጥሩ የሚዘልለው ነው የተበላሸው።

መጋጠሚያው በብሎን የሚያዝ ከሆነ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ቱቦው መሃል ካለው ማቆሚያ ድረስ አልገባም፣ ብሎኑ ቀለም ላይ ቆሟል፣ ወይም በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ ተረስቷል። የመጨረሻው ከሁሉም ይበዛል። ቱቦውን አውጥተው ጫፉን እስከ ባዶ ብረቱ ያጽዱ፤ የሚገባውን ርዝመት በእርሳስ ምልክት አድርገው እስከ ምልክቱ ይግፉት፤ ከዚያ ለብሎኑ ራስ ልክ በሆነ ካቻቪቴ ያጥብቁ። አምራቹ የጥብቀት ልክ ከሰጠ እሱን ይከተሉ፤ ከልክ ያለፈ ኃይል በተለይ የዚንክ ቅይጥ መጋጠሚያን ጥርስ ይበላል።

በጥርስ የሚገባው ከሆነ ዝገት፣ ቀለም ወይም አጭር ጥርስ ይፈልጉ። እንደ ውሃ ቧንቧ ቴፍሎን የጠቀለሉበትም ያጋጥማል፤ ቴፍሎኑ የብረቱን ንክኪ ስለሚያዳክም ይወገድ። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ የሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ መጋጠሚያው መሃል እስኪገናኝ ድረስ በቱቦ መፍቻ ያጥብቁ። ለዚህም የእያንዳንዱ ቱቦ ጥርስ የመጋጠሚያውን ግማሽ ርዝመት ይሙላ። ቱቦው ቀለም የተቀባ ሳጥን ውስጥ በሚገባበት ቦታ ዳዶው የሚያርፍበትን ቀለም ይፋቁ። ያም ሆኖ በቱቦው ብቻ ከመተማመን ራሱን የቻለ የኧርዝ ሽቦ አብሮ መሳብ እጅግ የተሻለ ነው።

ምልክት፦ ጥርስ ሲወጣለት ቱቦው ይቀደዳል ወይም ጥርሱ ላይ ይሰበራል

ስስ ቱቦ ላይ ጥርስ ማውጣት ተሞክሯል ማለት ነው። የግማሽ ኢንች ኢ.ኤም.ቲ. ግድግዳ 1.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለግማሽ ኢንች የሚወጣው የአሜሪካ ሾጣጣ (ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ) ጥርስ ጥልቀት ደግሞ 1.45 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጥርሱ ከግድግዳው ይጠልቃል! ወፍራሙ ሪጂድ ቱቦ ግን 2.6 ሚሊ ሜትር ስላለው ይችለዋል። ለስሱ በብሎን ወይም በመጭመቂያ ዳዶ የሚያዝ መጋጠሚያ ይግዙ።

ምልክት፦ ሽቦ ሲሳብ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ወይም የሽቦው ልባስ ይላጣል

መላቀቁ በብሎን የሚያዘው ሕመም ነው። ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት ማሰሪያው ነው። የአሜሪካው ኤሌክትሪክ ኮድ ኢ.ኤም.ቲ.ን ከሳጥን በ0.9 ሜትር ውስጥ፣ ከዚያም ቢበዛ በየ3 ሜትሩ እንዲታሰር ያዛል። ልባሱን የሚልጠው ግን በሁለቱም ዘዴ አንድ ነው፦ በሴጌቶ ሲቆረጥ የቀረ ስለት። ውስጡን በሞረድ ወይም በማስፊያ ያለስልሱ። ጥርስ ካወጡም በኋላ ይድገሙት፤ ዘይቱንና ብናኙንም ይጥረጉ።

ምልክት፦ ሳጥን ውስጥ ውሃ ይገኛል፣ መጋጠሚያው ይዝጋል

ተራው በብሎን የሚያዝ መጋጠሚያ ዝናብ አይከላከልም። ውጭ ላይ ለዝናብ የተመሰከረለት የመጭመቂያ ዓይነት ወይም ጥርስ ይጠቀሙ። ጥርስ ሲወጣ የዚንኩ ሽፋን አብሮ ስለሚቆረጥ፣ ካጠበቁ በኋላ ውጭ የቀረውን ጥርስ ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀቡት።

ምልክት፦ ሁለቱም ቱቦዎች ተተክለዋል፣ አንዱንም ማዞር አይቻልም

በእንግሊዙ አሠራር አንደኛው ቱቦ ላይ ረጅም ጥርስ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ ገብቶበት ወደ ሌላው ከተመለሰ በኋላ በዳዶ ይቆለፋል። ዳዶው ከተረሳ ይላላል፣ ኧርዙም ይጠፋል። የአሜሪካው ኮድ ይህን ረጅም ጥርስ ስለሚከለክል እዚያ ዩኒየን፣ ማለትም ቱቦዎቹ ሳይዞሩ የሚያገናኝ መጋጠሚያ፣ ይገባል።

ነዳጅ ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ

በብሎን የተያዘ ካገኙ ማጥበቅ መፍትሄ አይሆንም፤ ይነሳ። በአሜሪካው ኮድ በመደበኛ ሥራ ጊዜ ጋዝ ሊኖር በሚችልበት ክልል፣ በቦታው የሚወጣ ሾጣጣ ጥርስ ቢያንስ 5 ዙር ሙሉ በሙሉ ገብቶ በመፍቻ መጥበቅ አለበት። ቱቦው ውስጥ የተቀጣጠለ ጋዝ በጥርሶቹ መሃል ተሽሎክልኮ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ውጭ ያለውን እንዳያቀጣጥል የሚያደርገውም ይኸው ነው።