ጓደኛ በድንገተኛ አደጋ ሲሞት ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጓደኛዬ የሞተው ማክሰኞ ማታ ነው። ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ በሞተር ሲሄድ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ አዳማ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢ፣ ባጃጁ፣ ሞተሩና እግረኛው አንዱን አስፋልት ይጋፉበታል።

ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ጓደኛ በአደጋ የሞተባቸው ሦስት የሰፈራችን ልጆች መጥተው አዋርተውኛል። ያጠፋነው ጥፋት በጣም ይመሳሰላል። ሰው ታሞ ሲሞት ወዳጅ ዘመድ ልቡን ትንሽ ትንሽ እያዘጋጀ ይቆያል። በአደጋ ሲሆን ግን ምሳ አብሯችሁ የበላ ሰው ማታ የለም። ያን ጊዜ ሰው የመጣለትን ያደርጋል። እኔ አስቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ቢያንስ የመጀመሪያውን ስህተት አልሠራም ነበር።

መርዶን በፌስቡክ ማርዳት

ይኼ የራሴ ጥፋት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያመኝም እሱ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። «ነፍስህን ይማረው ወንድሜ» ብዬ ጻፍኩ። ክፋት አልነበረኝም። የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

እህቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። «እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከኋላዋ ውሃ ሲፈስና ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። አዎ ልላት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዝም ስል ገባት። ከዚያ የውሃው ድምፅ ቆመ። አሠሪዎቿ ሳሎን ስለነበሩ ጮሃ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። እናቷ ገና አልሰሙም ነበር። ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ፣ በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ እጇ ሳሙና እንደነካ ሰማች።

ትልልቆቻችን መርዶ የሚያረዱበት ሥርዓት እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። የሚደግፍ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ይመደባል። በሩ የሚንኳኳው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼ ሁሉ ሰውየው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጠና ላለው ሰው በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። እንዴትና መቼ ለሌላው እንደሚነገር እሳቸው ይወስኑ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ እዚያው ከተማ የሚያውቀው ሰው ፈልጉ፤ ሄዶ አጠገቡ ሆኖ ይንገረው። ቤተሰቡ «ሁሉም ሰምቷል» እስኪላችሁ ፎቶ አትለጥፉ። ፕሮፋይልን ወደ ሻማ መቀየርም ያው መርዶ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያሉትንም ቶሎ «ቆዩ» በሏቸው።

የአደጋውን ቪዲዮ መክፈት

ዛሬ አደጋ ሲደርስ ከአምቡላንሱ በፊት ስልክ ነው የሚወጣው። ለእኔም ተላከልኝ። አልከፈትኩትም። ከእኛ ከጓደኞቹ አንዱ ከፈተው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ሳቁ መሆኑ ቀርቶ ያ አስፋልት ሆነ ይለኛል፣ እስከ ዛሬ። ከተላከላችሁ ሳታዩት አጥፉት፣ የላከውንም እንዲያጠፋው ንገሩት። ስለ አሟሟቱ ማወቅ የምትፈልጉት ነገር ካለ ከሐኪም ወይም ከትራፊክ ፖሊስ ስሙ።

ለቅሶ ቤት ሥራ ውስጥ መደበቅ

ጓደኛ ለቅሶ ቤት ውስጥ የራሱ ቦታ የለውም። እናት አለች፣ አባት አለ፣ ወንድም አለ። ለቀስተኛ ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው እነሱን ነው። ጓደኛ ሠራተኛ ነው። የእድሩን ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያወርድ፣ ለቀብር አውቶቡስ የሚያፈላልግ፣ ንፍሮ የሚያዞር እሱ ነው። ሦስቱን ቀን እንደዚያ ሆኜ ዋልኩ። ለአምስት ደቂቃ አልተቀመጥኩም። አንዲት ጎረቤት «ጎበዝ፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። ይበልጥ ሮጥኩ።

ማገልገሉ ጥሩ ነው። ለሟች ከዚያ ወዲያ የምታደርጉለት ብዙ ነገር የለም። ስህተቱ ከሥራው ጨርሶ አለመውጣት ነው። ሐዘኑ የትም አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

እኔን ያገኘኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ሳልፍ ጫማ ሰፊው ጠራኝ። «ያ ጓደኛህ የት ጠፋ? ጫማው እዚህ ከተቀመጠ ወር አለፈው፣ ውሰድለት እንጂ» አለኝ። ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። አዲስ ሶል ተደርጎለታል፤ ጠርዙ ላይ የተረፈው ማስቲሽ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። የግራው ቆዳ ወደ ውጭ ተጣሟል። አረማመዱ እንደዚያ ነበር፤ ከሩቅ የምለየውም በእሱ ነው። 150 ብር ከፍዬ በፌስታል ተቀበልኩት። ከዚያ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ቁጭ አልኩና መነሳት አቃተኝ። ሰውየው አየኝ፣ ገባው፤ ምንም ሳይለኝ መስፋቱን ቀጠለ።

በሦስቱ ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዴ ሥራውን ለሌላ ሰጥታችሁ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ተቀመጡ። እንባ ከመጣ ይምጣ። ካልመጣም አትደንግጡ። ሞቱ ድንገተኛ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደንዝዞ ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ አትወዱትም ነበር ማለት አይደለም። እኛ ጓደኞቹ አምስት ነበርን። በሰባተኛው ቀን አምስታችን ብቻ ቁጭ ብለን ስለ እሱ ብናወራ ኖሮ ብዙ ይቀለን ነበር። ለቅሶ የምትደርሱ ሰዎች ደግሞ አደራ፣ ያንን ወንበር የሚያመላልሰውን ልጅ አንዴ ያዝ አድርጋችሁ «እግዜር ያጥናህ» በሉት።

«እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያሉ መክረም

በዚያ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር። «ና ፍራንኮ ጋ ቡና እንጠጣ» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር «ነገ» አልኩት። ወራት ሙሉ ይቺን «ነገ» ሳመነዥካት ከረምኩ። ሄጄለት ቢሆን በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ አይገኝም ነበር እያልኩ።

ያዋሩኝ ልጆችም ሁሉም አንድ አንድ «ነገ» አላቸው። አንዱ ሞተሩን ያዋሰው እሱ ነው። አንዷ «ቶሎ ና» ብላ የደወለችው እሷ ናት። ሰው ዝም ብሎ የሆነን ነገር መሸከም ይከብደዋል። «በእኔ ነው» ሲል ቢያንስ ነገሩ በእጄ ነበር ማለት ይችላል። ለዚህ ነው ጸጸቱ የሚጣበቀን።

እኔን የረዱኝ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። «ሲደውልልህ ምን ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ማታ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ደክሞኛል። ጓደኛዬ ቡና አምሮታል። ነገም እንገናኛለን። በቃ፣ ከዚህ ሌላ አሥር ሰዓት ላይ የማውቀው ነገር የለም። ጸጸቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ግን ሲመጣ ያችን ወረቀት አወጣለሁ።

«የእናቱን እዩ» ተብሎ ዝም ማለት

«አንተማ ጓደኛ ነህ፣ እናቱ ምን ትበል» ይላሉ። እውነት ነው፣ የእናት ሐዘን ሌላ ነው። ግን የእናት መጎዳት የእናንተን ጉዳት አያሽረውም። ከወንድሙ ይልቅ እናንተ የምታውቁት ምስጢር አለ፤ ከማንም ጋር የማትስቁት ሳቅ አለ። ሆድ ይፍጀው ብላችሁ አትቅበሩት። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃልም ራሱ ሐዘንተኛው ሲለው ያጽናናል። ሌላው ሰው ገና እያለቀሰ ላለ ሰው ሲለው ግን አፍ ማስያዣ ነው።

ሾፌሩን ማሳደድ

ንዴት ይመጣል፤ መምጣቱም አይገርምም። የሚያስፈራው ንዴቱን ይዞ የቤተሰቡን ቦታ መውሰድ ነው። በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል። በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ። የሟችና የገዳይ ወገን በሽማግሌዎች ፊት ተገናኝተው፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ደም የሚደርቅበት ነው። የፖሊሱና የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከእኛ አንዱ በር ላይ ቆሞ ሰደባቸው። የሟች አባት ድምፁን ሰምተው ወጡ። ከእኛ ይልቅ የተቃጠሉት እሳቸው ናቸው። ግን ልጁን በእጁ ይዘው «ቤቴ የመጣ ሽማግሌ በሬ ላይ አይሰደብም፣ ግባ» አሉትና አስገቡት። እርቅ መቀበልም ሆነ አለመቀበል የቤተሰብ ነው። እናንተ ያያችሁት ወይም የምታውቁት ነገር ካለ ሄዳችሁ ለትራፊክ ፖሊስ ቃላችሁን ስጡ። የሾፌሩን ስምና ፎቶ ግን በየግሩፑ አትበትኑ።

ለመርሳት መጠጣትና መቃም

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን እንቅልፉን ይሰባብረዋል፣ ሐዘን ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው የሚከፋው። ጫት እንቅልፉን ጭራሽ ይወስደዋል። በእነዚያ ሳምንታት ሞተርም መኪናም ባትይዙ ይሻላል። ሐሳባችሁ መንገዱ ላይ አይደለም።

ሐዘንን በደረጃ መቁጠር

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው» የሚል ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መተከዝ፣ መቀበል። ይኼን በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ ናቸው። የተነሡት ግን ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረጉት ንግግር ነው፤ ሐዘንተኛ ተራ በተራ የሚወጣው መሰላል አይደለም። አንዷ ልጅ «እኔ መቆጣቱ አልመጣልኝም፣ ችግር አለብኝ?» ብላኛለች። ምንም ችግር የለባትም። ሐዘን ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ደህና ከርማችሁ አንድ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሊጥላችሁ ይችላል።

ግን መለየት ያለባችሁ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት፣ ባህሉ ከሚጠብቀው በላይ ጸንቶ፣ ሥራና ኑሮን ያወከ ሐዘንን ሕክምና የሚያሻው ችግር ብሎ መዝግቦታል። እንደዚያ ከሆነባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠበልም ጸሎትም ዱዓም ከሕክምና ጋር አይጣሉም። «እኔም ብከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ስድስት ወር የለም። በዚያው ቀን ለሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ በማግስቱም ሰው ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ከአርባ በኋላ መጥፋት

ድንኳኑ ይነሳል፣ ወንበሩ ወደ እድሩ ይመለሳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። እኛም ጠፋን። ዓይናቸውን ማየት ፈርተን ነው። «እኛን ሲያዩ እሱ ትዝ ይላቸዋል፣ እንጎዳቸዋለን» አልን። እንዳስታውሳቸው የፈራሁት ልጅ ከሐሳባቸው ወጥቶ የሚያውቅ ይመስል።

የቤቱን እምነት ጠብቁ። አርባና ሙት ዓመት የማያወጡ አሉ። በሙስሊም ቤት ቀብሩ ቶሎ ነው፤ እዬዬውም አይወደድም። ቡና ሊጠጣ ብቅ የሚልን ሰው ግን የማይቀበል ቤት አላየሁም። ስትሄዱም «ምን ልታዘዝ?» አትበሉ፤ ምንም ነው የሚሏችሁ። አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ ወይም የተበላሸውን አምፖል ቀይሩ። ስሙንም ጥሩት።

እኔ የሄድኩት ጫማውን ይዤ ነው። እናቱን ልክ እንደ እሱ «እማዬ» ነው የምላቸው። ፌስታሉን ከፍተው ጫማውን አወጡት። ገልብጠው ሶሉን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ስንት አስከፈለህ?» አሉኝ።

«ይተዉት እማዬ።»

«ስንት?»

«150።»

ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ቆጥረው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። እምቢ ለማለት አልደፈርኩም። ጫማውን ወስደው አልጋው ሥር አስቀመጡት። ከጓዳ ሆነው «ሁለተኛው ሳይደርስ እንዳትሄድ» አሉኝ፤ ጀበናውን ጥደው ነበር።