የጣሪያ መስኮት ላይ ነጭ ነጠብጣብ አልለቅ ላላችሁ

ደብረ ብርሃን አንድ ፎቅ ላይ ሶስት ቀን የፈጀብኝ ስራ ነው። ሳጥበው ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ። ሳሙና ጨመርኩ፣ ባሰበት። ጋዜጣም ሞከርኩ። መሰላሉ ደሞ መሃል ላይ አያደርስም፣ መስታወቱ ላይ መቆምን በጭራሽ እንዳታስቡት!

ለካ ነጠብጣቡ ቆሻሻ ሳይሆን ያጠብኩበት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም የሚባል ማዕድን ነው፣ ሳትጠርጉት ፀሐዩ ውሃውን ያደርቀውና ካልሲየሙ ይቀራል።

የሰራልኝ፣ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅዬ፣ የቀለም ሮለር የሚያዝበት የሚረዝመው ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥብቅ አርጌ አስሬ ቀባሁት፣ 5 ደቂቃ ቆይቼ አሸሁት፣ ከዛ በዲስቲልድ ውሃ (ማዕድን በሌለበት የተጣራ ውሃ) አለቅልቄ በመስታወት መጥረጊያ ጎማ ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ቆርቆሮው ላይ የፈሰሰውን አቼቶ ግን ቶሎ እጠቡት፣ ይበላዋል። ሰዓቱ ጠዋት ውርጩ ከቀለጠ በኋላ ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን።