ሬዶን፦ ፋን ተገጥሞም ቁጥሩ አልወርድ ሲል

ዴንቨርና አካባቢው ቤዝመንት ያለው ቤት ውስጥ የምትኖሩ ስለ ሬዶን፣ ከአፈር ወደ ቤት ስለሚገባው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ፣ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ችግሩ።

ሰውነታችሁ ላይ ምልክት አትጠብቁ። ጋዙ አይሸትም፣ አያስልም፣ ራስ አያሳምምም። ጉዳቱ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ሆኖ። አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ሬዶን ነው። ለሚያጨስ ሰው ደግሞ በጣም ይብሳል። ያላችሁ ምልክት የሬዶን መለኪያው ቁጥር ብቻ ነው። በሬዶን መለኪያ አሃድ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠገን።

ብርድ ሲገባ ቁጥሩ ከጨመረ፦ ቤቱ ተዘግቷል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሥር ከአፈሩ ጋዙን ይስባል። በሙቀቱ ወራት በተለካው ቁጥር ብቻ አትጽናኑ።

ጋዙን ከወለሉ ሥር በቱቦ ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ፋን ተገጥሞም ካልወረደ፦ ደጋግሜ የምጠራበት ችግር ይሄ ነው። መጀመሪያ ቱቦው ላይ ያለችውን፣ የፋኑን መሳብ የምታሳየውን የዩ ቅርጽ መለኪያ እዩ። ባለቀለሙ ፈሳሽ በአንዱ ጎን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ፋኑ አይስብም። አንድ ቤተሰብ «እኩል ስለሆነ ደህና ነው» ብሎ ልጆቹን ቤዝመንት ያስተኛ ነበር። ፋኑ ሞቷል። ሌላ ቤት ተከራዩ ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ብሬከሩን አጥፍቶታል። እባካችሁ፣ ያ ፋን ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ አይጠፋም!

ፈሳሹ እኩል ካልሆነና ቁጥሩ ከፍ ካለ የሳምፕ ፓምፑን ጉድጓድ (ቤዝመንት ወለል ላይ ውሃ የሚጠራቀምበትን) እዩ። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ፋኑ ከአፈሩ ሳይሆን ከቤታችሁ አየር ነው የሚስበው። ክዳኑን በፕላስተር ለጥፈው ገንዘብ ተቀብለው የሚሄዱ አሉ፤ በጣም ያናድደኛል። ፕላስተሩ በእርጥበት ይላቀቃል። ጎማ ያለው ክዳን በብሎን ይታሰር፣ የወለሉ ስንጥቅና የግድግዳው ጥግ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይደፈን። ስንጥቅ መድፈን ብቻውን ግን ፋኑን አይተካም።

ፋኑ ቤዝመንት ውስጥ ከተገጠመ ከዚያ አስወጡት። ከፋኑ በላይ ያለው ቱቦ ትንሽ ካፈሰሰ ጋዙን ቤት ውስጥ ይነፋዋል። ቦታው ከቤት ውጭ ወይም ጣሪያ ሥር ሰው የማይኖርበት ባዶ ቦታ (አቲክ) ነው፤ መውጫው ከጣሪያ በላይ።

በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካላችሁ ጠንካራ ፋን በራሳችሁ አትግጠሙ። የማሞቂያውን ጭስ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ሬዶን በውሃም ሊገባ ስለሚችል ውሃውንም አስመርምሩ።

ጥገናው ካለቀ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ከመለካታችሁ 12 ሰዓት በፊት ጀምሮ መስኮትና በር ይዘጋ። ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ።